ሦስት መትቶ አንድ የሚዘል

ጥር 9

እታለሜ፣

እንደምን ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ። «ደህና» ያልኩት ለደብዳቤ ወግ ነው፤ እውነቱ ከታች ይመጣል። ይህን ያህል ዝም በማለቴ አትቀየሚኝ። ደጋግመሽ ለጠየቅሽኝ ጥያቄ መልስ አጥቼ ነው። «አዲሱ ካሴት እንዴት ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው። መልሱም አጭር ነው፤ ውሃ በላው።

የመጀመሪያው ሲወጣ ትዝ ይልሻል? ታክሲ ውስጥ እኔ፣ ፀጉር ቤት እኔ፣ ሠርግ ቤት እኔ። ከገዛ ድምፄ መሸሸጊያ አጥቼ ነበር። ይሄኛው በወጣ ሰሞን ሻርፕ ተከናንቤ ካሴት ቤቶቹን እንደ ሌባ አንድ ባንድ ዞርኳቸው። አንዱ ባለሱቅ ሳያውቀኝ፣ «እሱን ተይው እህቴ፣ የድሮዋን ልስጥሽ። እዚህኛው ላይ ልጅቷን ምን እንደነካት አይታወቅም» ብሎ የራሴን የመጀመሪያ ካሴት ሸጠልኝ። ገዝቼው ወጣሁ። ምን ልበለው?

አሳታሚው ደግሞ «ሰው መጨፈር ይፈልጋል፣ አንቺ ቁጭ አድርገሽ ታናግሪዋለሽ» ይለኛል። የአያቶቻችንን ዜማ በጊታር ስጫወት መጀመሪያ ያጨበጨበልኝ እሱ ነበር፤ አሁን «ምነው ጊታሩን ባልያዝሽው» ሊል ምንም አልቀረው። ያልተሸጡት ካርቶኖች ስቱዲዮው ውስጥ ወንበር ሆነዋል። ከበሮ መቺያችን አንዱ ላይ ተቀምጦ ምሳውን ይበላል።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽና ደስ ይበልሽ። የካሴቱ የመጨረሻ ዘፈን ያንቺ ክፍል ነው! ክረምት ላይ አንቺ ጋ ስመጣ አልጋሽ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ በዚያች በትንሿ መቅረጫ የቀዳሁት። ከግድግዳው ማዶ ያለው የወፍጮ ሞተር አብሮ ገብቶልኛል። ሦስት ጊዜ ይመታና አራተኛውን ይዘላል፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ከዚያ ዝም። ከበሮ መቺው ያንን ሊመስል ቀኑን ሙሉ ላቡን ሲያንጠፈጥፍ ዋለ፣ አልሆነለትም። በመጨረሻ ያንኑ ቅጂ እንዳለ አስገባነው። እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው። የት እንደተቀዳ ለማንም አልተናገርኩም፤ እሱን አስቤበታለሁ።

አንድ ካሴት ለአክስታችን ልጅ ሰጥቼዋለሁ፤ እንደ ልማዱ ከሹፌር ወንበሩ ሥር ደብቆ ያደርስልሻል። ቴፕ ተዋሺና ስሚው። እውነቱን ንገሪኝ፣ አታባብዪኝ።

ፌንጣሽ


ጥር 21

ፌንጣዬ፣

ካሴቱ ደርሶኛል። አልሰማሁትም። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

ያን ዕለት ስትለማመጂ መስሎኝ ነበር። ድንች እየላጥኩ ነው የሰማሁሽ። ካሴት ላይ ይወጣል ብሎ ማን ጠረጠረ? ስለ ራሴ የሰማሁት ከአገር ሁሉ በኋላ ነው፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ! ሞተሩንም ልብ አላልኩትም። ግራ ጆሮዬ ወደ ግድግዳው ነበር፣ ግራ ጆሮዬን ማን እንዲህ እንዳደረገው ደግሞ ታውቂያለሽ። በደህናው በኩል ስለምተኛ ያ ሞተር ቢጮኸም ባይጮኸም ለእኔ አንድ ነው።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ እማማን፣ ባለወፍጮዋን ማለቴ ነው፣ «ይሄ ሞተር ለምንድነው አንድ የሚዘለው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ሊሞትብኝ ነበር እኮ። ከሩቅ መካኒክ አስመጣሁ። ካቻቢቴውን በጥርሱ ነክሶ፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ሐኪም አዳመጠው። ከዚያ ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር አስሮለት፣ ‹ከእንግዲህ አንድ ይዘላል እንጂ አይሞትም› አለኝ። በየከተማው እንዲህ ያዳንኳቸው ብዙ ናቸው ብሎኛል።»

ካቻቢቴ በጥርሱ። ፌንጣ፣ እንዲህ የሚያደርግ ስንት ሰው ታውቂያለሽ? እኔ አንድ አውቃለሁ፤ ባሌ ነበር። የቤታችንን ቧንቧ ሳይቀር እንደዚያ ነበር የሚያዳምጠው። ደጅ ጫማዬን ሳወልቅ ከእርምጃዬ ከየት እንደመጣሁ ያውቅ ነበር። ከዓለም ሁሉ መርጬ የተደበቅሁት የእጁ ሥራ ጎን ነው።

ካለፈው ከተማ እንዴት እንዳገኘኝ አትርሺ። ለእናታችን ስልክ ደውዬ «ደህና ነኝ» ስላት ከኋላዬ ባቡር አለፈ፤ እሱ አጠገቧ ቆሞ ነበር፣ የሰማውም ባቡሩን ነው። ስልክ የማንነካው፣ ደብዳቤ ላይ ስም የማንጽፈው ከዚያ ወዲህ ነው። አንቺ እህቴ መሆንሽን ያውቃል። ካሴትሽ እጁ ከገባ አንድ ጊዜ መስማት ይበቃዋል።

ዘፈኑን አስወጪው። እንዴት እንደሚወጣ አላውቅም፣ አንቺ ታውቂያለሽ።

ሌላም አለ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምጽፈው። እንዳይሸጥ እየጸለይኩ ነው። ያን ያህል የለፋሽበትን፣ እኔ ታላቅሽ፣ ተንበርክኬ «አይሸጥላት» እላለሁ። የላክሽልኝንም ክሩን ከሆዱ ጎትቼ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ይቅር በይኝ።

እማማ የኤሌክትሪክ ሞተር ገዝተው በሳጥኑ እንዳለ ጥግ ላይ አስቀምጠውታል። «ይሄኛው የሟቹ ባሌ ነው፣ እሱ እስኪሞት ሌላ አላስነሣም» ይላሉ። ዛሬ ሳልፍ ያንን ሳጥን አየሁትና አለቀስኩ።

እህትሽ


የካቲት 2

እታለሜ፣

ሁለት ደብዳቤ ጽፌ ቀድጄ ይህ ሦስተኛው ነው። በመጀመሪያው ተሳድቤ ነበር፣ በሁለተኛው አልቅሼ። ይሄኛውን ደህና ሰው ሆኜ ልሞክር።

አዎ፣ ተቀይሜሻለሁ፤ ይቅርታ ጠይቀሽኛልና አልዋሽሽም። አገሩ ሁሉ ፊቱን ሲያዞርብኝ ቢያንስ አንቺ ትጸልይልኛለች ብዬ ነበር። ለካ ስትጸልዪ የነበረው በእኔ ላይ ነው! ከዚያ ግን የእናታችን ቤት ስልክ ትዝ አለኝ፤ አንቺን ከሐኪም ቤት ስናወጣሽ ጆሮሽ ላይ የነበረው ፋሻ ትዝ አለኝ፤ ቅሬታዬም ወደ ፍርሃት ዞረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ይሄ ደግሞ ከአፌም አልፎ በካርቶን ታሽጓል። መቅረጫውን አልጋሽ ላይ ያስቀመጥኩት በገዛ እጄ ነው። ምን ዓይነት እህት ነኝ?

አሳታሚው ጋ ሄጄ «የመጨረሻውን ዘፈን አውጣልኝ» አልኩት። «ከምኑ ላይ?» አለኝ። «ሰው ቤት የገባ ካሴት አለ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ሰምቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ። ጸሎትሽ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ በዚሁ ግፊበት።

አንቺ ግን ለምን ከዚያ አትወጪም? እቃሽ እንደሆነ አንድ ሻንጣ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ እሱን ሌላ ጊዜ አጫውትሻለሁ።

ፌንጣ


የካቲት 12

ፌንጣዬ፣

«ለምን አትወጪም» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ለሰው ቀላል ነው። ሁለት ከተማ ጥዬ ወጥቻለሁ፤ ሁለቱም ጊዜ ስጀምር ማንም አያውቀኝም፣ ስሄድም ማንንም አልሰናበትም። እዚህ የምሠራለት ልብስ ሰፊ የሱቁን ቁልፍ ሰጥቶኛል። ጠዋት ከፍቼ የተማሪዎቹን ዩኒፎርም የምቆርጠው እኔ ነኝ። ሰው «እንዴት አደርሽ» ይለኛል፣ እኔም መልሼ «እንዴት አደርክ» እላለሁ፤ ለአንቺ ይህ ምንም አይደለም፣ ለእኔ ግን ብዙ ነው። ደግሞ የት ልሂድ? ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

እንዲህ ስልሽ ግን ጀግና ሆኜ አይምሰልሽ። ሱቁ በር ላይ ጥላ በወደቀ ቁጥር መርፌው ጣቴን ይወጋኛል። አንድ ነጭ ሸሚዝ ላይ ደሜ ነጠብጣብ አድርጎ ልብስ ሰፊው ዝም ብሎ አጠበው። ገበያ ስወጣ ሰው የሚያየው ፊት ነው፤ እኔ የማየው የሰውን የደረት ኪስ ነው፣ ካቻቢቴ እንዳለበት።

«ሌላም ነገር አለ» ብለሽ ቆመሻል። ከልጅነትሽ ጀምሮ አመልሽ ነው፣ ግማሽ ወሬ ከሙሉው እንደሚብስ ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ጨርሺው።

እህትሽ


የካቲት 20

እታለሜ፣

እሺ፣ ልጨርሰው።

የእሑዱን የሙዚቃ ፕሮግራም የሚያዘጋጀውን የሬዲዮ ሰውዬ ታውቂዋለሽ። እሱ የነካው ካሴት ይሸጣል፣ ያልነካው ይቀራል። ካሴቴን ከየት እንዳገኘው አላውቅም፤ አስጠራኝና «ከመጨረሻው ዘፈን በቀር ያለው ሁሉ ተራ ነው» አለኝ። «እሱን ግን በየሳምንቱ የፕሮግራሜ መክፈቻ ላደርገው ነው። ያ ምት ከየት የመጣ ነው? ሆድ ውስጥ ይገባል።»

እታለም፣ እኔ ይህን ቃል ለመስማት ነው ከልጅነቴ ጀምሮ የኖርኩት። ልዋሽሽ አልፈልግም፤ «እሺ» አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «መካኒክ እሑድ ምን ሬዲዮ ይሰማል» ብዬም ራሴን ሸነገልኩ። ከዚያ ያንቺ ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ ትዝ አለኝና አልደፈርኩም።

«አታጫውተው፣ መጥፎ ዘፈን ነው» አልኩት። «በስህተት ነው የገባው፣ አፍሬበታለሁ።» ሰውዬው እንደ እብድ አየኝ። ሌላ ዘፈን ልስጥህ ብለው «ሌላውን ሌሎችም ይዘፍኑታል» ብሎ በሩን ከፈተልኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ አሳታሚው ጋ ደረሰ፤ «ከእንግዲህ ሠርግ ላይ ዝፈኚ» አለኝ። ሦስተኛ ካሴት የለም።

እና ካሴቱ ሞቷል፤ ጸሎትሽ ተሰምቷል። ደስ ይበልሽ። ምፀት አይምሰልሽ፤ ትንሽ ምፀት አለበት።

ፌንጣ


መጋቢት 3

እታለም፣

ሰላምታ የለም። ይህን እንዳነበብሽ ውጪ።

ትናንት አንዲት ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ተጫወትኩ፣ ወንበሩ ከሰው ይበዛ ነበር። ከፊት ረድፍ መሐል ላይ ተቀምጦ አየሁት። ፀጉሩ ሸብቷል። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ድምፄ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ታዳሚው ስሜት መስሎት አጨበጨበ።

ሲያልቅ ወደ መድረኩ መጣ። ካሴቴን ይዟል። ከተሸጡት ጥቂቶች አንዱን የገዛው እሱ ነው።

«የመጨረሻው ላይ ከበሮውን ማነው የመታው?» አለኝ፣ ረጋ ብሎ።

«ማሽን ነው» አልኩት።

«ማሽን መሆኑንማ አውቃለሁ። በእጄ ያለፈ ማሽን ነው። የትኛው እንደሆነ ብቻ አልለየሁትም፣ ብዙ ናቸው። ግድ የለም፤ ጊዜ አለኝ፣ አንድ ባንድ እዞራቸዋለሁ።»

ከዚያ ካሴቱን ዘረጋልኝና «ፈርሚልኝ» አለኝ። ፈረምኩለት እታለም። «እህትሽን ሰላም በያት» ብሎኝ ሄደ።

ውጪ። ገንዘብ፣ ልብስ፣ ሥራ አትበይ። ውጪ።

ፌ


መጋቢት 17

እታለሜ፣

ምነው መልስ ጠፋ? ሁለት ደብዳቤ ልኬያለሁ። የአክስታችን ልጅ ለልብስ ሰፊው እንደሰጠው ይምላል፤ አንቺን ግን አላየሁም ይላል። ወፍጮ ቤቱም በዚያን ቀን ተዘግቶ ነበር አለኝ፣ ሰው እህሉን የሚያስፈጭበት አጥቶ ደጅ ላይ ይነጫነጭ ነበር አሉ። ያ ወፍጮ ተዘግቶ ያውቃል እንዴ?

በሚቀጥለው ጉዞው ደግሞ የመሣሪያ ሣጥን የያዘ፣ የሸበተ ሰው አሳፍሮ ነበር። እሱ ባልሽን አይቶት አያውቅም፤ «ጨዋ ሰው ነው፣ ሣጥኑን ራሱ ተሸከመ» አለኝ። የደረት ኪሱ ላይ ምን ነበር ብዬ ጠየቅሁት። ካቻቢቴ ነው አለኝ። የት ወረደ ብዬ ጠየቅሁት። አንቺ ጋ ነው የወረደው።

ለእናታችን ምን እንደምላት አላውቅም፣ በየቀኑ ትጠይቀኛለች፣ በየቀኑ «ደህና ናት» እላለሁ። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት ይሄን ነው? አንዲት ቃል ላኪልኝ። ባዶ ወረቀትም ቢሆን አጥፈሽ ላኪው፣ ያንቺን አጣጠፍ አውቀዋለሁ።

ፌንጣሽ


መጋቢት 24

ፌንጣዬ፣

አለሁ። ይህን ካነበብሽ በኋላ ሌላውን ቀስ ብለሽ ታነቢዋለሽ። አለሁ፣ በዚያችው ክፍል ውስጥ።

«ውጪ» ላልሽው፣ ወጥቼ ነበር። ሻንጣዬን ይዤ መናኸሪያ ደረስኩ። ከዚያ እዚህ የሚገባውም የሚወጣውም አውቶቡስ አንድ መሆኑን አሰብኩ። እኔ ልሳፈር ስቆም እሱ ቢወርድስ? ፊት ለፊት ልንጋጠም ነው። እግሬ ወደ ኋላ መለሰኝ።

ቀጥታ እማማ ጋ ገባሁና ሁሉንም ነገርኳቸው። ከጆሮዬ ነው የጀመርኩት። ከቀሚሳቸው ላይ ዱቄት እያራገፉ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፣ አንድ ጊዜም አላቋረጡኝም። ከዚያ ተነሥተው ሄደው ሞተሩን አጠፉት። ብረቱ እስኪበርድ እጃቸውን ላዩ ላይ አድርገው ቆሙ። «ሞተር ነው» አሉ፤ «ሰው አይደለም።» አንቺ ወፍጮው እንደተዘጋ የሰማሽው ያኔ ነው። አስፈትተው፣ ብረቱን በጋሪ አስጭነው ወደ ሩቅ ሰደዱት። የኤሌክትሪኩን ከሳጥኑ አውጥተው ተከሉ። የዘይቱ እድፍ ወለሉ ላይ ቀርቶ ነበር፣ በሲሚንቶ አስለበጡት። ሲሚንቶው አዲስነቱ እንዳያሳብቅ ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ዱቄትና ጥላሸት እየነሰነሱ ረገጡት። ለምን እንደሆነ አንዳቸውም አልጠየቁም።

እሱ የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። እኔ ክፍሌ ውስጥ ነበርኩ። ደህናውን ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ድምፁን ሰማሁት። አልተለወጠም።

«እማማ፣ ያ የሠራሁልዎ ሞተር የት ደረሰ?» አላቸው።

«የትኛው? ያ አንካሳው?» አሉት። «ከሸጥኩት ቆየ! አንተ ነህ እንዴ የሠራኸው? አንድ እየዘለለ ዱቄቴን እንደ አሸዋ አሻከረብኝ እኮ። ደንበኛዬ ሁሉ ሸሸኝ። ምን ዓይነት ሥራ ነው የሠራህልኝ ልጄ?»

ወረፋ የያዙት ሴቶች ሳቁ። እሱ በሥራው ቀልድ አያውቅም፤ የመጣበትን ረስቶ «እኔ ባልነካው ሞቶ ነበር» እያለ ይሟገታቸው ጀመር። እማማም አልለቀቁትም፣ ጮኹበት። እኔ እዚህ ማዶ አፌን በእጄ አፍኜ፣ ላልቅስ ልሳቅ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ድንገት ዝም አለ። ሴቶቹም ዝም አሉ። ወዲያው አወቅሁት፤ ካቻቢቴውን ነክሶ አዲሱን ሞተር እያዳመጠ ነው። ፌንጣ፣ ያ ሞተር የታሰረው ግድግዳው ላይ ነው። እኔም የተለጠፍኩት እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። ልቤ በብረቱ አድርጎ ጥርሱ ድረስ የሚደርስ መሰለኝ። ልሸሽ ብል እርምጃዬን ያውቀዋል። ትንፋሼን ያዝኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፣ ሲመታኝም እንኳ።

«ደህና ነው» አለ በመጨረሻ። «ነፍስ የለውም እንጂ ደህና ነው።» ሣጥኑን አነሣና ሄደ። የአክስታችን ልጅ አውቶቡስ ላይ ሲሳፈር ልብስ ሰፊው በዓይኑ አይቶታል።

ቀድሜ ያልጻፍኩልሽ ደብዳቤው እሱ በተሳፈረበት አውቶቡስ እንዳይሄድ ፈርቼ ነው። የሚዞራቸው ሲያልቁበት ተመልሶ ይመጣ ይሆናል። አላውቅም። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፣ ለቆኛል ብዬ አልዋሽሽም። ቁልፉ ግን አሁንም እኔ ጋ ነው፣ ነገም ሱቁን የምከፍተው እኔ ነኝ።

ስለ ሬዲዮው የጻፍሽልኝን በየቀኑ አነበዋለሁ። የምትኮሪበትን ዘፈን «መጥፎ ነው» ያልሽበትን ቦታ። ዘልዬው ወደ ሌላ መስመር እሄዳለሁ፣ ተመልሼም አነበዋለሁ።

እማማ ግን ከሞተሩ ወዲህ ደህና አይደሉም። ወሬ እያወሩ መሐል ላይ ቆም ይላሉ፣ የሚዘለውን ምት ሲጠብቁ ነው። ከባላቸው ሞት ወዲህ በእሱ ነበር የኖሩት። ትናንት አጠገቤ መጥተው፣ «ያቺ እህትሽ ቀድታዋለች አላልሽኝም? እስኪ አሰሚኝ» አሉ። ምድጃ ውስጥ እንደጨመርኩት ስነግራቸው ተቆጡኝ፤ ባላቸውን ያቃጠልኩባቸው ያህል ነው የተቆጡኝ። እውነታቸውን ነው። ያ ድምፅ ዛሬ ያለው ማንም ባልገዛው ካሴትሽ ላይ ብቻ ነው።

እኔም እኮ እስከ ዛሬ አልሰማሁሽም። ያን ዕለት ድንች ስልጥ ከዘፈንሽው አንድ ስንኝ እንኳ ልብ አላልኩም። በሩን ዘግተን፣ ድምፁን ዝቅ አድርገን እንሰማዋለን፤ እሳቸው ሞተሩን፣ እኔ አንቺን።

እንዳይሸጥ መጸለዬን አላቆምኩም፤ ቅር አይበልሽ። ለእኛ ግን ሁለት ላኪልን።

እህትሽ